ደብተሩ በአንዱ እጅ፣ ሞፈሩ በሌላው

ጎጃም ውስጥ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ግቢ ብትገቡ፣ የመሬት ተከራካሪዎቹን በያዙት ነገር ትለዩአቸዋላችሁ። አንዱ ፌስታል ይዟል። ፌስታሉ ውስጥ በሌላ ፌስታል የተጠቀለለ አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተር አለ። ሌላው ወረቀት የለውም። ሦስት አራት ሽማግሌ አስከትሎ ነው የመጣው። ባለ ደብተሩ "በስሜ ተመዝግቧል" ይላል። ሌላው "ሃያ ዓመት አርሼዋለሁ፣ አገር ያውቃል" ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በዚህ ክርክር ሁሉም ዓመት ይቆጥራል። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ "ከደርግ ጀምሮ"። እኔ ግን ከዓመቱ ይልቅ ያዡ መጀመሪያ መሬቱ ላይ በምን እንደገባ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። በእኩል ነው (አርሶ ምርቱን ለመካፈል)? በብድር? በአደራ? በሽያጭ? ወይስ በጉልበት? ዳኛውም ሽማግሌውም ዞረው ዞረው የሚደርሱት እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ፋይሉ የሚያረጀው እስኪደርሱ ድረስ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በአፍ ልማድ "የመሬቱ ባለቤት" እንላለን እንጂ በሕግ የገጠር መሬት የግል ባለቤት የለውም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ ያለው የይዞታ መብት ነው። መሬቱን በነፃ ያገኛል። ከይዞታው እንዳይነቀል ጥበቃ አለው። ያከራያል፣ ያወርሳል። ደብተሩም የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ይህ ልዩነት ለጊዜው የሕግ ባለሙያ ወግ ይመስላል፤ ሽያጭ ላይ ስንደርስ ግን ሰው የሚጎዳበት ነገር ሆኖ ይመጣል።

ርስት በሺህ ዓመቱ

"ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚለው ተረት ጎጃም ውስጥ ለጌጥ አይነገርም። በርስት ዘመን ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ነበር። አያቱ ያላረሰውን ማሳ የልጅ ልጁ መጥቶ "ድርሻዬን" ይል ነበር። ስለዚህ ያዡ ብዙ ዓመት ማረሱ ከክስ አያድነውም። በሌላ በኩል ከሳሹም በአንድ ክረምት አያስለቅቀውም። ሙግቱ ራሱ ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ነበር።

መሬት መለካትም እዚህ አገር ክፉ ትዝታ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ በደጋ ዳሞት፣ በሞጣና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው ያመፀው ብሩ በዝቶበት ብቻ አልነበረም። ግምቱና ልኬቱ ውሎ አድሮ ርስቱን የሚነጥቀው መስሎት ነው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። መጨረሻ ላይ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ርስቱንም፣ ከገበሬው ግብር የመሰብሰብ መብት የነበረውን ጉልቱንም ሻረው። መሬት ማከፋፈል የገበሬ ማኅበር ሥራ ሆነ። ዛሬም ድረስ በሰው አፍ ያለው ግን የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ነው። በደርግ ጊዜ የማኅበር ተመራጭ የነበረው "ቢሮክራት" ተባለ። የድሮ ባላባት ወገን ደግሞ "ፊውዳል" ተባለ። ለእነዚህ አንድ ሄክታር፣ አራት ጥማድ ገደማ፣ ተተወላቸው። ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ከምሥራቅ ጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል።

ያኔ መሬት የደረሰው ሰው ዛሬ ደብተር አለው። የተወሰደባቸው ሰዎች ልጆች ደግሞ ያንኑ ማሳ "የአባታችን" ይሉታል። በሕግ በኩል ነገሩ ያለቀ ነው። በመንደሩ ግን አላለቀም። በሁለት ክንድ ወሰን የተጀመረ ጠብ ውስጡ ሲታይ 1989 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ደብተሩ የሚለውና የማይለው

ምዝገባው በአማራ ክልል የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በስዊድን ድጋፍ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙ ጎዛምን ወረዳ ነበር። ሥራው በቀበሌ የመሬት ኮሚቴ የሚሠራ ነበር። ኮሚቴው የጎጡ ሰው ነው። ማሳውን እየዞረ ያያል፣ ይለካል፣ ይመዘግባል። ዝርዝሩ ለሕዝብ ይቀርባል፤ ቅሬታ ያለው ይናገራል። በዘመኑ አቅም ሲታይ የሚደነቅ ሥራ ነው። በዚህ ላይ እሰጥ አገባ አልገባም።

ግን አንዱን ደብተር ገልጠን እንየው። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። (ያቺ የሚስት ፎቶ ብቻዋን ስንት ሴት ከቤቷ ከመባረር እንዳዳነች ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ቀጥሎ ማሳዎቹ በተርታ ተጽፈዋል። የቦታው መጠሪያ፣ ስፋቱ፣ ከዚያ አዋሳኞቹ። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ እገሊት። ካርታ የለም። በምሥራቅ ያለው እገሌ ሞቶ ማሳው ለሦስት ልጆቹ ቢከፈል አዋሳኙ ማነው? ወንዙ በክረምት ቦይ ቢቀይርስ? ገጹ ግን ያኔ የተጻፈውን እንደያዘ ነው።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ይህን ለማስተካከል ነው። ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ ማሳው ይከለላል፣ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ካርታ ይታተምለታል። የወሰን ጭቅጭቅ በዚህ በጣም ይቀላል። ሆኖም ከሰማይ የተነሣ ፎቶ የማሳውን ጠርዝ እንጂ ማን በማን ፈቃድ እንደሚያርሰው አያሳይም። ሌላም አለ። መዝጋቢው በመጣ ቀን ወሰን እየጠቆመ የሚያስመዘግበው ማሳው ላይ የቆመው ሰው ነው። ዋናው ባለይዞታ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ ታማ የተኛች አሮጊት ከሆነች፣ ስሙ ተሳስቶ የሚገባበት ዕድል ሰፊ ነው።

ታዲያ ደብተር ምን ያህል ይመዝናል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1195 ከአስተዳደር ክፍል የማይንቀሳቀስ ንብረት ማስረጃ የተሰጠው ሰው ባለመብት ነው ተብሎ ይገመታል ይላል። ቃሉ "ይገመታል" ነው። የሚቀጥለው አንቀጽ ግምቱ የሚፈርስበትን መንገድ ያስቀምጣል። ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል ከተሰጠ፣ ዋጋ በሌለው ሥራ ላይ ተመሥርቶ ከተሰጠ፣ ወይም ከተሰጠ በኋላ መብቱ በሕጋዊ መንገድ ወደ ሌላ ከዞረ ግምቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ደብተር የያዘ ሰው ክርክሩን አሸንፎ አይጀምርም። የማስረዳቱ ሸክም ግን መጀመሪያ በባላጋራው ላይ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ሞፈሩ እንዴት ወደ ሌላ እጅ ይገባል

በብዛት የሚያጋጥመው የእኩል እርሻ ነው። በሬ የሌለው፣ ጉልበት የከዳው፣ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቱን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ይሰጣሉ። ምርቱን ይካፈላሉ። ወረቀት የለም፤ "በዘመድ መሀል ምን ውል ያስፈልጋል" ይባላል። እንዲህ የገባ አራሽ ሃያ ዓመት ቢያርስም ያው የእኩል አራሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማካፈሉ ሲቆም ነው። አንድ ዓመት "በረዶ መታው" ይባላል። በሚቀጥለው "ማዳበሪያው ተወዷል" ይባላል። ከዚያ ዝም። ዝምታው አምስት ዓመት ከዘለቀ አራሹ "የኔ ነው" ማለት ይጀምራል። የእኩል አራሽ እንደነበረ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ደግሞ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ የአራሹ አበልጅ ነው።

በጣም ተንኮለኛው ግን ወለድ አገድ ይመስለኛል። ገበሬው ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለሕክምና ወይም ለማዳበሪያ ዕዳ ብር ይበደራል። ወለድ አይከፍልም። በወለዱ ፈንታ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል። ዋናው ገንዘብ ሲመለስ መሬቱም ይመለሳል። ሲሰማ ፍትሐዊ ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት ግን አበዳሪው የብሩን እጥፍ በጤፍና በበቆሎ ከወሰደ በኋላም ዋናው ዕዳ አንድ ብር አይቀንስም። መሬቱ የሌለው ገበሬ ደግሞ ብሩን ከየት አምጥቶ ይመልሳል? "ገንዘቡ እስኪመለስ" የሚለው ቃል ቀን የለውም። ተበዳሪው ይሞታል። አበዳሪውም ይሞታል። የአበዳሪው ልጅ አባቱ ሲያርሰው እያየ ያደገበትን ማሳ "የአባቴ" ቢል እየዋሸ አይደለም፤ ማንም አልነገረውም። ደብተሩ ግን አሁንም በተበዳሪው ስም ነው።

ሦስተኛው በሌላ ስም የተደረገ ሽያጭ ነው። መሬት መሸጥ ስለተከለከለ ወረቀቱ ላይ "ስጦታ" ወይም "ብድር" ወይም ማለቂያው የራቀ "ኪራይ" ይጻፋል። ገዢው ይገባል፣ ያርሳል፣ ቤት ይሠራል። ከዓመታት በኋላ ሻጩ ወይም ልጆቹ ደብተሩን ይዘው ይመጣሉ። ነገሩ ሽያጭ መሆኑ ከተረጋገጠ ውሉ ፈራሽ ነው። ውል ሲፈርስ ደግሞ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ መሬቱ ለባለ ደብተሩ፣ ብሩ ለገዢው። በወረቀት ላይ እኩል ይመስላል። እንበል ገዢው በ1995 ዓ.ም. ለአንድ ጥማድ አንድ በሬ የሚገዛ ብር ሰጥቶ ነበር። ዛሬ ያው ብር ቢመለስለት በግ አይገዛበትም። ሕግ የጣሱት ሁለቱ ናቸው፤ የሚቀጣው ግን አንዱ ነው። ሻጩ አንዴ የበላበትን መሬት መልሶ ያገኛል። ሕጉ የመሬት ሽያጭን መከልከሉን ባልቃወምም፣ ይህኛው ውጤት ግን ሽያጩን የሚያቆም አይመስለኝም። እንዲያውም ሻጩን ያደፋፍራል።

አደራም አለ። ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ መሬት በአጎት ወይም በአያት እጅ ይቆያል። አጎት ልጁን ያሳድጋል፣ ያስተምራል። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው "መሬቴን" ይላል። አጎት ደግሞ "ያሳደግኩህስ?" ይላል። እዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም፤ መሬቱ የልጁ ነው። ማሳደግ ውለታ እንጂ የይዞታ ምክንያት አይደለም።

የጧሪው ጉዳይ ግን እንዲህ አይቀልም። ልጆቻቸው ከተማ የገቡባቸው ሽማግሌ አንድ ጎረቤት "እስከ ዕለተ ሞቴ ጡረኝ፣ መሬቱን አንተ ትወስዳለህ" ይሉታል። ጎረቤቱ ያርሳል፣ ያበላል፣ ያስታምማል፣ በመጨረሻም ይቀብራል። አርባው ሳይወጣ ልጆቹ ይመጣሉ። የኑዛዜ ሕጉ ጥብቅ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ለቀብር ሥነ ሥርዓትና ለጥቃቅን ነገር እንጂ መሬት አያስተላልፍም። ስለዚህ ጎረቤቱ መላ አገሩን ቢያስመሰክር ወረቀት ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። ስንቱ ቅን ሰው በዚህ ተጎድቷል። ጧሪ ቀባሪ ሆኖ ባዶ እጅ መውጣት ያንገበግባል።

ወለጋና መተከል ሄደው ኑሮ የመሠረቱም አሉ። ከዚያ በግጭት ተፈናቅለው ሲመለሱ የተዉት ማሳ በወንድም ወይም በሌላ ሰው እጅ ነው። መሬቱን ጥሎ ለረጅም ጊዜ የጠፋ ሰው መብቱን ሊያጣ እንደሚችል የክልሉ የመሬት ሕግ ሲደነግግ ቆይቷል። ዓላማው መሬት ጦም እንዳያድር ነው። ወንድሙን "አንተ ጋ ይቆይ" ብሎ የሄደን ሰው ግን ጥሎ ጠፋ ማለት ይከብዳል።

ታዲያ ዓመቱ ምንም አይጠቅምም?

ይጠቅማል፤ ግን ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። "አሥራ አምስት ዓመት ግብር ከፍያለሁ፣ ካርኒው አለኝ" የሚል ክርክር በየፍርድ ቤቱ ይሰማል። መነሻው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1168 ነው። አንድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ 15 ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ሰው ባለሀብት (ባለቤት) ይሆናል ይላል። ሕጉ የተጻፈው በ1952 ነው፤ ያኔ መሬት የግል ሀብት መሆን ይችል ነበር። ከ1967 ወዲህ መሬት ላይ የግል ባለሀብት ስለሌለ ዓመት ቆጥሮ ባለሀብት የሚኮንበት በር በመሬት ላይ ተዘግቷል። ካርኒውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው በመዝገቡ ላይ ባለው ሰው ስም ነው።

ይልቅ ብዙ የማይወራለት አንቀጽ 1149 አለ። በእጁ ያለውን ነገር በኃይል የተነጠቀ ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ "ሁከት ይወገድልኝ" ብሎ መክሰስ ይችላል። ይህ ክስ የሚጠብቀው በእጁ አድርጎ የሚጠቀምበትን ሰው ነው። ስለዚህ "ደብተር አለኝ" ብሎ በሌሊት ገብቶ የበቀለ ጤፍ የገለበጠ ባለይዞታ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። የሚያስለቅቀው ፍርድ ቤት እንጂ እሱ አይደለም። ባለ ደብተሮች ይህን ቢያውቁ አንዳንድ ደም ባልፈሰሰ ነበር።

ዓመት የሚጠቅምበት ሌላው ቦታ በመሬቱ ላይ የፈሰሰው ጉልበት ነው። እርከን፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ዛፍ። ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው በአንድ ክረምት አይወጣም። አዊ አካባቢ ደግሞ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ከማሳው ላይ አራት አምስት ዓመት ይቆያል። የተከለው የእኩል አራሽ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል፤ መሬቱ የአንዱ፣ ዛፉ የሌላው። በኔ እምነት ሁለቱን ጥያቄ መነጠል ያስፈልጋል። መሬቱ ለባለ መብቱ ይመለስ። በፈቃድ ገብቶ ቋሚ ነገር ያፈራው ሰው ደግሞ ዋጋው በዛሬ ገበያ ተገምቶ ይከፈለው፣ ወይም ዛፉን ቆርጦ የሚወጣበት ጊዜ ይሰጠው። በጉልበት የገባ ግን በዛፉ አይደራደር።

የተኛ ክርክር የሚነሣው መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ መሆኑንም ልብ በሉ። አስፋልት ሲያልፍ፣ መራዊ አጠገብ እንዳለው 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍነው የቆጋ መስኖ ውሃ ሲመጣ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዳርቻቸውን ሲያሰፉ ማለቴ ነው። ሃያ ዓመት ማንም ያልጠየቀው ማሳ "ካሳ ሊከፈልበት ነው" ከተባለ በሳምንቱ ሦስት ወራሽ ያበቅላል።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት በክልሉ ብዙ ወረዳዎች ፍርድ ቤቱም የመሬት ጽሕፈት ቤቱም እንደ ወትሮው አይሠሩም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥር 1324 ነው፣ የ1997ቱን ቁጥር 456 ተክቷል። ጎጥ ውስጥ ላለ ገበሬ ግን አሁን ቅርቡ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። "በምን ገባህ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከማንም በፊት ያውቃል። ጉድለትም አለው። ባልቴቷ፣ የሙት ልጁና የተፈናቀለው ሰው ሸንጎው ላይ ድምፃቸው ደካማ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ የሉም።

በእነዚህ ዓመታት በየጎጡ በቃል ብቻ የሚደረገው የእኩልና የወለድ አገድ ውል ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ጽሕፈት ቤት ተዘጋ ብሎ ወረቀት መተው አያስፈልግም። የደብተር ቅጠል ላይ ማን ለማን እንደሰጠ፣ የትኛውን ማሳ፣ በምን ምክንያት፣ ከመቼ እስከ መቼ ጽፎ ማስፈረም ይቻላል። ወለድ አገድ ከሆነ በየዓመቱ ከምርቱ ምን ያህሉ ከዋናው ዕዳ እንደሚቀነስ ይጻፍ። ምስክሮቹ የአንድ ወገን ዘመድ ብቻ አይሁኑ፤ ቢያንስ አንዱ ወጣት ይሁን። ለሁለቱም ወገን አንዳንድ ቅጂ፣ ሌላው በገለልተኛ ሰው እጅ ይቀመጥ። ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት ሦስተኛው ቅጂ ወደ መዝገቡ መግባት አለበት፤ አለዚያ መዝገቡ ለሚቀጥለው ዳኛ የሚያሳየው የድሮውን ስም ብቻ ነው።